ከንብ መጻሕፍት ኋላ የደበቅኩት ፊዚክስ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12። ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ ነው።

ዛሬ የቤተ መጻሕፍታችን ሠራተኛ አዴ ጫልቱ፣ እኔ ራሴ የደበቅኩትን መጽሐፍ አብሬያቸው እንድፈልግ ጠየቁኝ። እኔም ፈለግኩ!

አንድ ብቻ የቀረ የፊዚክስ መጽሐፍ ነው። ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ብዬ ትናንት ከንብ እርባታ መጻሕፍት ኋላ ከተትኩት። አምቦ ውስጥ ንብ አናቢ ሞልቷል፤ ስለ ንብ አንባቢ ግን የለም።

መጽሐፉን የጠየቀችው ከጉደር በሚኒባስ የመጣች ተማሪ ናት። ፈተናዋ ሐሙስ ነው።

አዴ ጫልቱ መሰላል ላይ ወጥተው፣ አቧራው እያስነጠሳቸው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ መደርደሪያውን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ እስቲ እይልኝ» አሉኝ።

እንደሌለ እያወቅኩ የታሪክ መጻሕፍቱን መደርደሪያ ስፈትሽ ቆየሁ።

ልጅቷ «ነገ እመለሳለሁ» ብላ ባዶ እጇን ሄደች።

አዴ ጫልቱ በሩን ሲዘጉ ደግሞ፣ «አንቺም ፈተና አለብሽ አይደል? አይዞሽ፣ ሲገኝ በየተራ አስነብባችኋለሁ» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እናንተስ እንዲህ አድርጋችሁ ታውቃላችሁ? እንዴት ተናገራችሁ?

ነገ በሩ ሳይከፈት እደርሳለሁ። መጽሐፉን አውጥቼ በእጃቸው እሰጣቸዋለሁ። «አገኘሁት» አልልም። «ደብቄው ነበር» ነው የምላቸው።