ለአንድ እጅ የሚሆን ጋሪ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄና ሚስቱ የሕፃን ጋሪ ሊገዙ ሲወጡ "አባባ፣ እግረ መንገድዎን ፀሐይ ይሙቁ" ብለው እኔንም ይዘውኝ ወጡ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው፤ መውለጃ ወሯ ገብቷል። እዚሁ ደሴ ፒያሳ ካለ አንድ ሱቅ ገባንና በርጩማ ሰጥተውኝ በሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። ነጋዴው ስድስት ሰባት ጋሪ አወጣና አንዱን ያጥፋል፣ አንዱን ይዘረጋል። ይሄኛው ክዳኑ ይነሳል፤ ያኛው የፊት ጎማው ይዞራል፤ ይሄ ደግሞ የጡጦ ማስቀመጫ አለው። የልጅ ልጄ እየዞረ ያነሳል፣ ይመዝናል፣ ፍሬኑን በእግሩ ይረግጣል። ሚስቱ ሆዷን ደግፋ ዳር ላይ ቆማ ታየዋለች። በመጨረሻ ግራ ሲገባው ወደ እኔ ዞረና በቀልድ "እርስዎስ የትኛውን ይመርጣሉ?" አለኝ።

ነጋዴው ሳቀ። ዘጠና ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሽማግሌ ስለ ሕፃን ጋሪ ምን ያውቃል ብሎ ይሆናል፤ አልፈርድበትም። እኔ ግን በሃያ ዓመቴ፣ በጣሊያን ጊዜ፣ የሕፃን ጋሪ መርጬ አውቃለሁ። መርጬም ተሳስቼ አውቃለሁ።

ያን ጊዜ ኮምቦልቻ አንድ የካሚዮን ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርሁ። ጋራዡ የጣሊያን ነው። ይህን ስናገር ዛሬም ትንሽ ያሸማቅቀኛል። ከእኩዮቼ ግማሹ መንገድ ይሠራላቸው ነበር፤ ግማሹ ጫካ ገብቶ ይዋጋቸው ነበር። እኔ ቡሎን እፈታላቸው ነበር። ቤታችን ግን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው። ጠዋት በካሚዮን የቦርከናን ሸለቆ እየተጠማዘዝን ወርደን ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ እንገባለን፤ ማታ ወደ ደሴ ብርድ እንመለሳለን።

ባለቤቴ ዘሀራ የቢስቲማ ልጅ ናት። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት አውሮፕላኖቹ ደሴን በቦምብ በመቱ ጊዜ አክስቷ ቤት ነበረች። ግድግዳ ግራ ትከሻዋ ላይ ተናደ። ወጌሻ አሸላት፣ አጥንቱም ገጠመ፤ ክንዷ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ሳገባት አውቄ ነው ያገባኋት። አውቄ ስል "ግራ እጇ ትንሽ ይደክማል" ተብዬ ነው። እሷ አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በቀኝ እጇ ትቀዳለች፣ በቀኝ ትፈጫለች፣ በቀኝ ታጥባለች። ሥራው ተሠርቶ ስለማገኘው በቃኝ።

እንደ ወጉ የመጀመሪያ ልጃችንን እናቷ ቤት ወለደች። ሴት ልጅ፤ ስሟን ረሕማ አልናት። አራተኛ ወሯን ስትይዝ፣ ጥቅምት ላይ፣ ልወስዳቸው ቢስቲማ ሄድሁ። እስከ ሐይቅ ከተማ በካሚዮን፣ ከዚያ በእግር። ማሽላው እሸት ይዞ ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ ነበር። አማቴ እማማ ሐዋ እሸት ጠብሰው ወተት አቀረቡልኝ። ጠግቤ እጄን ከታጠብሁ በኋላ ነገሩን አመጡት።

"ልጄ ሰይድ፣ አብሽር፤ የምነግርህን በክፉ አትየው። አንቀልባ ለማሰር ሁለት እጅ ይፈልጋል። እኔ አስሬላት እንኳ ማሰሪያው ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ጥርሷን ትነክሳለች። አንተ ኮምቦልቻ ትውላለህ። ደሴ ላይ ማን አለላት? ልጅቷ በእግሯ እስክትሄድ እዚሁ ይቆዩኝ።"

"እስከ መቼ ይሆናል እማማ?"

"አላህ ያውቃል። ዓመትም ይሆናል፣ ሁለት ዓመትም ይሆናል።"

ዘሀራን አየኋት። አቀርቅራ የሕፃኗን እግር ትዳብሳለች። በዚያ ዘመን ሚስት ሁለት ዓመት እናቷ ቤት ከቆየች መጨረሻው ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። መጀመሪያ ባል በየወሩ ይመላለሳል፤ ከዚያ በበዓል በበዓል ይሆናል፤ ከዚያ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሲመሽብኝ ብቻዬን ተነስቼ ሄድሁ። መንገድ ላይ አንድ ገበሬ ጥንቅሽ ሰብሮ ሰጠኝ። እያላመጥሁ ሐይቅ ድረስ ወረድሁ፤ ጣፋጭነቱ ግን አልታወቀኝም።

በሳምንቱ፣ ኮምቦልቻ፣ አንዲት የጣሊያን ሴት በጋራዡ ፊት ስታልፍ አየሁ። በአንድ እጇ ብርቱካን የሞላ ዘንቢል ይዛለች፤ በሌላው እጇ ልጇን በጋሪ ትገፋለች። ከዚያ በፊትም አይቻት ይሆናል፤ ልብ ብዬ አላውቅም። በአንድ እጇ! ካሚዮኑ ሥር ተኝቼ ሳለ ነው ያየኋት፤ ብድግ ስል ግንባሬ ከብረቱ ጋር ተላተመ።

እንዲህ ያለ ዕቃ ቢገኝ የሚገኘው ሀጂ ሳልህ ዘንድ ነው። አያታቸው ከየመን የመጡ፣ ኮምቦልቻ ላይ ትልቅ ሱቅ ያላቸው ሰው ነበሩ። ወደ አገራቸው የሚመለሱ ጣሊያኖች ዕቃቸውን ለእሳቸው ይሸጣሉ። ከጓዳ ሁለት ጋሪ አወጡልኝ።

የመጀመሪያው ትልቅና ጥቁር ነው። ሕፃኑ የሚተኛበት እንደ ገንዳ ጥልቅ ነው፤ ጎማዎቹ ሰፋፊ፣ ከሥሩ እንደ ካሚዮን ሞላ አለው፤ ፍሬኑ በእግር ይረገጣል። ክብደቱ ግን አይጣል ነው። ሁለተኛው የብረት ቧንቧና ሸራ ብቻ ነው። ሕፃኑ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ይቀመጣል። ይታጠፋል፤ ታጥፎ በአንድ ብብት ይያዛል። ፍሬኑ እጀታው ሥር ያለች ዘንግ ናት፤ በእጅ ትጨመቃለች።

እኔ መካኒክ ነኝ፤ መካኒክ እንደሚያደርገው አደረግሁ። ገልብጬ ጎማዎቹን አሽከረከርሁ። ሞላውን ተጭኜ ለቀቅሁ። ፍሬኑን ሃያ ጊዜ ጨመቅሁት፤ ሃያ ጊዜ ያዘ። የደሴን ዳገት አሰብሁ፣ ካሚዮን ላይ መጫን ማውረዱን አሰብሁ። ሀጂ ሳልህ ሻሂያቸውን ፉት እያሉ "ልጄ፣ ለማን ነው?" አሉኝ። "ለባለቤቴ" አልሁ። "እሷስ አይታዋለች?" አሉ። "እኔ አይቼዋለሁ" አልኋቸው። ቀላሉን፣ የሚታጠፈውን መረጥሁ።

በማግስቱ አስፈቅጄ ወጣሁ። ሐይቅ ላይ በቅሎ ተከራይቼ፣ ጋሪውን አጣጥፌ ጭኜ፣ እንደ ሙሽራ ሚዜ ደረቴን ነፍቼ ቢስቲማ ገባሁ። እማማ ሐዋ ጋሪውን ዞረው ዞረው አዩት። "ክንዷን የሰበራት ጣሊያን፤ ልጇ ደግሞ በጣሊያን ጋሪ!" አሉ። ዘሀራ ግን ሕፃኗን አምጥታ አስቀመጠችና ጋሪውን ያዘች።

ግቢያቸው ከቤቱ ወደ ቁልቋሉ አጥር ያዘቀዝቃል። ጥቂት እርምጃ ደህና ሄደች። ሕፃኗ የእናቷን ፊት ስታጣ ማልቀስ ጀመረች። ዘሀራ ልታያት ጎንበስ ስትል ጋሪው ፈጠነ። "ፍሬኑን! ፍሬኑን ጨምቂው!" ብዬ ጮህሁ። ፍሬኑን ለመጨመቅ እጀታውን መልቀቅ ነበረባት፤ ግራ እጇ ደግሞ የሚፈጥነውን እጀታ የሚይዝ አቅም የለውም። ጋሪው አመለጣት። እኔ ከበሩ እስክነሳ ድረስ እሷ ሮጣ ቀድማው ከፊቱ ወደቀች። ጋሪው ጉልበቷን መትቶ ቆመ።

ሕፃኗ ጭረት እንኳ አልነካትም። የዘሀራ ጉልበት ግን ደም በደም ሆነ። እማማ ሐዋ ሕፃኗን አቅፈው "አየህ?" አሉኝ።

ቁስሏን በለብታ ውሃ እያጠበች ዘሀራ ቀና ብላ አየችኝ። "ይህን የመረጥኸው ለመካኒክ ነው" አለችኝ።

ተናደድሁ። ያን ሁሉ መንገድ ለፍቼ! "ታዲያ ሌላ ምን ላድርግ?" አልኋት።

"ሁለት ነበሩ ብለኸኝ የለ? ሌላውን እኔ ራሴ ልየው።"

እናቷ "ደምሽ እየፈሰሰ? ደግሞ ለጣሊያን ዕቃ?" ሲሉ፣ "ብረት ዘር የለውም እማዬ። እኔ ቤቴ መግባት ነው የምፈልገው" አለቻቸው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይህን ከአፏ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ያን ቀን ስታቀረቅር መቆየት የፈለገች መስሎኝ ነበር።

እማማ ሐዋ "ብቻችሁንማ አልሰዳችሁም" ብለው ጓዛቸውን ጠቀለሉ። አንቀልባውንም ጨመሩበት። ይዘዋት ሊመለሱ እንደሆነ ገባኝ።

በማግስቱ ኮምቦልቻ ስንደርስ ቀትር ነበር። ሀጂ ሳልህ "መርሀባ! መርሀባ!" ብለው ምንጣፍ አነጠፉ፣ ቴምር አቀረቡ፤ የሚታጠፈውንም ሳያጉረመርሙ መልሰው ተቀበሉኝ። ዘሀራ ቴምሩን አልነካችም። ጥቁሩን ጋሪ ዞረችው። ጎማውን አላሽከረከረችም፣ ሞላውን አልተጫነችም። መጀመሪያ ሕፃኗን አስተኝታ እጀታው ጋ ቆመችና "ታየኛለች" አለች። ከዚያ ሕፃኗን ለእናቷ መልሳ፣ "ሀጂ፣ የሕፃን ክብደት የሚያህል ማሽላ በከረጢት ይስጡኝ" አለቻቸው። ሀጂ ሳልህ ገርሟቸው ራሳቸው ሰፈሩላት።

ከሱቁ ጓሮ አቀበት አለ። ማሽላውን ጭና በቀኝ እጇ ብቻ ገፍታ ወጣች። እያነከሰች ወጣች፤ ልረዳት ስል "ተወኝ" አለችኝ። መሃል ላይ ፍሬኑን በእግሯ ረገጠችና ጋሪው ብቻውን መቆሙን ልታሳየን ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች።

ቀኝ እጇ ከራሷ በላይ ወጣ። ግራው ደረቷ ላይ ሲደርስ ቆመ።

እንዳየሁ አየች። እጇን ቶሎ አላወረደችም። "እስከዚህ ነው" አለችኝ። "ከዚህ በላይ አይሄድም። ሲበርድ እዚህም አይደርስ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቅኸኝማ።"

ከተጋባን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነበር። የየካሚዮኑን ጉድለት በድምፁ እለይ ነበር። የሚስቴ ክንድ የት ድረስ እንደሚነሳ ያወቅሁት ግን ያን ቀን፣ ከሀጂ ሳልህ ሱቅ ጓሮ፣ ፀሐይ አናቴ ላይ ቆማ ነው። እማማ ሐዋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር።

ዘሀራ ስሜታችንን የምታባብልበት ጊዜ አልነበራትም። "ጥፋት አለው" አለች ወዲያው። "እጀታው ሰፊ ስለሆነ በአንድ እጅ ስገፋው ወደ ግራ ይስባል። መሃሉ ላይ የምጨብጠው ቢኖር ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር።" ይህን እኔ ሃያ ዓመት ባስብም አላገኘውም ነበር። ጋሪውን እየገፋን ጋራዥ ወሰድነው። ጣሊያኖቹ ምሳ ሄደው ስለነበር የተቆረጠ የብረት ዘንግ ፈልጌ እጀታው መሃል ላይ ቀጥ አድርጌ በየድሁት። ከመበየዴ በፊት ሜትር ላነሳ ስል "ሜትሩን ተወውና እጄን ለካ" አለችኝ። "ዝቅ… ትንሽ ከፍ… እዚህ ጋ።" እሷ እንዳለችው አደረግሁ። ዘንጉ ላይ ጨርቅ ጠመጠምንበት።

ያን ዕለት ማታ ደሴ ገባን። ከካሚዮን ወርደን ወደ ቧንቧ ውሃ ስንሄድ ሕፃኗን ዘሀራ ገፋች። እማማ ሐዋ ከኋላዋ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ ቢያመልጣት ሊይዙ፣ እግር በእግር ይከተላሉ። ዳገቱ እስኪያልቅ እጃቸውን አላጠፉም። በራችን ላይ ስንደርስ ግን ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና ረጅም ዱአ አደረጉ። ሦስት ቀን ተቀመጡ፤ በአራተኛው ብቻቸውን ተመለሱ።

ሰፈሩ መሳቁ አልቀረም። "የሰይድ ሚስት ጣሊያን ሆነች፤ ልጇን እንደ እህል በጋሪ ትነዳለች" ተባለ። ዘሀራ የመጀመሪያው ሰሞን ቤት ገብታ ታለቅስ ነበር፤ በማግስቱ ግን መልሳ ትወጣለች። ዓመት ሳይሞላ የሳቁባት ሴቶች ራሳቸው ከወፍጮ ቤት ዱቄት ለማምጣት ጋሪውን ይዋሱን ጀመር። አራት ልጆች አደጉበት። ጎማው አልቆ እስኪረግፍ ድረስ ያችን የበየድኋትን ዘንግ የነካት ሰው አልነበረም።

ለልጅ ልጄ ይህን ሁሉ አልተረክሁለትም፤ ሱቅ ነው፣ ሰው ይጠብቃል። "እኔ አልመርጥም፤ እሷ ትያዘውና እንያት" ብቻ አልሁት። ሚስቱ ደንገጥ ብላ መጣች። አንዱን ገፋችው፣ ተወችው። እሱ በጣም የወደደውን ስትገፋ "ይሄ እግሬን ይመታኛል" አለች። "መቼ ነው ያወቅሽው?" አላት። "አሁን" አለችው። ቀስ እያለች ሁሉንም ሞከረች፤ እሱም ጋሪዎቹን ትቶ እሷን ያያት ጀመር።

በእኛ አገር የሰው ጉድለት አይነሳም። ጨዋነት ነው፤ እኔም በዚያ ነው ያደግሁት። ዘሀራ አንገቷን ስትደፋ አይቼ እንዳላየሁ ማለፌን አክብሮት አድርጌ ነበር የምቆጥረው። ሸክሟን ለብቻዋ ትቼባት እንደነበር አልገባኝም ነበር። ዘሀራ ካረፈች አሥራ አንድ ዓመት ሆነ፤ አላህ ይዘንላት። ከዚያ ቀን በኋላ አብረን በኖርንበት ሃምሳ ምናምን ዓመት ውስጥ ብዙ ጠየቅኋት፦ አመመሽ? ከበደሽ? እዚህ ላድርገው ወይስ እዚያ? አንዳንድ ቀን ይሰለቻትና "አሁንስ አበዛኸው ሰይድ!" ትለኝ ነበር። እንደዚያ ስትለኝ ደስ ይለኝ ነበር።