ውሃ የበዛበት አተር

የአተር እሸት ቅርፊቱን በአውራ ጣት ሲጫኑት ጧ ይላል። የልጅ ልጄ ከገበያ ገዝታ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ስትፈለፍል፣ ያ ድምፅ ሲመጣ፣ ዝናብ የነካው ሣር የመሰለው ሽታም ተከትሎት ሲገባ፣ የተቀመጥኩበትን እረሳለሁ። እግሬ ሳይነሳ አንገረብ ወንዝ ዳር ወርጃለሁ።

እዚያ ነበር ፈረንሳዊቷ ቤት ተከራይታ የምትኖረው። የከተማችንን አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል እያየች በወረቀት ትስል ነበር። እኔ ያኔ ኮረዳ ነኝ፤ ቤቷን እጠርጋለሁ፣ ልብሷን አጥባለሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ የእሷ አማርኛ ገና ጥርስ አላወጣ፤ የምንግባባው በእጅና በዓይን ነው። አንድ ቀን አትክልት ሻጮች የጣሉትን የሰላጣ የውጭ ቅጠል ለቅማ መጣች። እኔ አፈርኩላት። እሷ ግን አጠበችና ድስቱ ውስጥ እንደ ጉዝጓዝ አነጠፈችው። በላዩ የተፈለፈለ የአተር እሸት፣ ሽንኩርት፣ ትንሽ ቅቤ ጣል አድርጋ፣ በሌላ ቅጠል ሸፈነችና ከደነችው። ውሃ ልጨምር ጣሳ ባነሳ እጄን ያዘችኝ።

«ውሃ የለም። ቅጠል ያለቅሳል። ይበቃል።»

እውነትም ለስለስ ባለ ፍም ላይ ቅጠሉ በገዛ ውሃው አተሩን አበሰለው። «እናቴ» አለችኝ ድስቱን እያሳየች፣ «ድሃ። ይህን።» ገባኝ። የትም አገር የድሃ እናት አንድ ናት።

የዚያን ዓመት ጥቅምት የእኔ እናት ታመመች። የቄስ ሚስት ነበረች፤ ባሏ በጊዜ ሞቶባታል፤ ጽጌን እንኳ ሳይቀር ትጾማለች። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው። የነፍስ አባቷ መጥተው «ለታመመ ተፈቅዷል፣ ወተት ጠጪ» ቢሏት፣ «እመቤቴን በስደቷ ወተት ማን ሰጣት?» ብላ ዘጋቻቸው። እንጀራው አልወርድ አላት፣ ሽሮውም ይመልሳታል። ከቀን ወደ ቀን እያለቀች ሄደች።

አተሩን አሰብኩ። ቅቤውን በሰሊጥ ዘይት ለወጥኩና ደጃችን ላይ ምድጃ አቀጣጠልኩ። ምላሷ ምላጭ የሆነ ጎረቤት ነበረችን፤ በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች።

«ምነው እቴ፣ ሰላጣ ትቀቅያለሽ?»

«አዎ እትዬ።»

«እግዜር ያሳያችሁ! ነገ ደግሞ የሣር ወጥ ትሠሪልናለሽ። ፈረንጅ ቤት ገብታ ፍየል ሆና ወጣች በሉኛ!»

ትስቃለች፤ ግን ድስቱን እስካወጣ ድረስ ከአጥሩ ሥር አልሄደችም።

እናቴ ማንኪያውን አፏ ጫፍ ላይ አቆመችው።

«ቅቤ አለው?»

«የለውም እምዬ፣ ሰሊጥ ነው።»

አላመነችኝም፤ አሸተተችው። ከዚያ ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈነች። «የአባቴን ማሳ ማሳ ይላል» አለች። የተወለደችው አይከል በኩል ገጠር ነው። ሳህኑን ጨረሰች። ከታመመች ወዲህ ሳህን ስትጨርስ አላየኋትም ነበር። «ነገም አድርጊልኝ» አለችኝ።

ነገም አደረግሁላት፣ ከነገ ወዲያም። ከዚያ በከተማው ዙሪያ ያለው አተር ደረቀ። እሸት እንዲህ ነው ልጄ፣ ሸጋ ነገር አይቆይም። የደረቀውን ዘፍዝፌ ሞከርኩላት፤ በአፏ ይዛው ቆየችና ቀስ ብላ መዳፏ ላይ መለሰችው። ታላቅ ወንድሜ ይህን አየ። ወገራ ደጋው ላይ አዝመራው ይዘገያል፣ እዚያ እሸት አይጠፋም ብሎ ጭነት ማኪና ላይ ተሳፈረ።

«ቶሎ ና አያ» አልኩት።

«ቅጠሉን አጥበሽ ጠብቂኝ» አለኝ።

አጥቤ ጠበቅሁት። እናቴ ግን አልጠበቀችውም። ሲመለስ ቀብሯ አልፎ፣ ደጃችን ላይ ድንኳን ተተክሎ አገኘ። ጆንያውን ከትከሻው ሳያወርድ ቆመ። «አመጣሁ እኮ» አለ። 

ለቅሶ ቤት እሳት አይነድም፤ የሚበላውን ጎረቤት ነው የሚያመጣው። ጆንያው ከጥግ ተቀመጠ፤ እኔ ወደዚያ ማየት አቃተኝ። ያች ጎረቤታችን ተነሳች። ጆንያውን ተሸከመች፣ ያጠብኩትንም ቅጠል ይዛ ወጣች።

በማግሥቱ ድስት በነጠላዋ አቅፋ መጣች። ስትከፍተው ከላይ በሰላጣ ቅጠል ተሸፍኗል፣ ከሥርም ቅጠል ተነጥፏል፤ በሰሊጥ ዘይት ነው የሠራችው። ለካ በአጥሩ ላይ ስትስቅ እጄን አንድ በአንድ ስታይ ኖሯል። አንዱ ብቻ አልሆነላትም። ያለ ውሃ ይበስላል ብላ ማን ያምናል? አብዝታ ጨምራበት አተሩ ይዋኛል።

«እንዳንቺ ሆነ?» አለችኝ። ያ ምላጭ ምላስ ይንቀጠቀጣል።

«ሆነ እትዬ።»

ወንድሜ ከመጣ ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበር። ከዚያ ድስት በላ። እኔም አብሬው በላሁ።

ፈረንሳዊቷ አገሯ ገባች። ወንድሜም ጎረቤታችንም ዛሬ ከእናቴ ጋር አንድ ደጀ ሰላም አርፈዋል። የልጅ ልጄ ድስቱን ጥዳለች፣ ቅጠሉን እንዳሳየኋት አንጥፋለች። ጣሳ አንስቼ ውሃ ጠብ ሳደርግ እጄን ትይዛለች።

«ምነው እማማ! ውሃ ካልነካው ነው ሸጋ የሚሆነው ስትይኝ አልነበር?»

«ነው» እላታለሁ።

እጄን ቀስ ብዬ አስለቅቄ፣ ትንሽ እጨምርበታለሁ።