ሸራ የለበሰች ጀልባ

አባቴና የእህቴ ባል የተጣሉት በሸራ ነው። ተጣሉ ስል ጮኹ ማለቴ አይደለም። አባቴ ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው፤ እሳቸው ፊት ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው በቤታችን የለም። ግን የዚያን ዕለት ጠዋት፣ ቆጋ ግድብ ዳር፣ ጀልባችን ተጎታቹ ላይ ተጭና ሳለች፣ ሁለቱ ሸራውን በየጫፉ ይዘው ብዙ ቆሙ።

ጀልባዋ የአባቴ ናት። ሐይቁ ላይ ሥራ ሲቀዘቅዝ የእህቴ ባል ዓሣ ሊያሰግርባት ወደ ቆጋ ወስዷት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አባቴ ወደ ደሴቱ የተሻገሩት የሰው ጀልባ እየጠበቁ ነው። በኋላ ግን ዕድሜውም ተጫናቸው፣ ዳር ላይ ተቀምጦ መጠበቁም ሰለቻቸውና «ጀልባዬን አምጡልኝ» አሉ። እኔ ሰባታሚት ካለ በያጅ ዘንድ ተጎታች አሠራሁ፤ የእህቴ ባል ፒካፑን አዘጋጀ። መንገዱ በመርዓዊ አልፎ ባሕር ዳር ነው። ደህና ቀን ከሆነ ብዙ አይፈጅም።

«ትሸፈን» አሉ አባቴ። «ቀለሟ ገና አዲስ ነው። ዝናቡም እየመጣ ነው። ደግሞ ያያት ሁሉ ይመኛታል፤ መንገዱ ላይ ማን እንዳለ በምን እናውቃለን?»

«አባ፣ ከተሸፈነች እኮ ውስጧ ያለው አይታይም» አለ የእህቴ ባል። «በዚህ ጊዜ የተሸፈነ ነገር ጎትቶ ኬላ ላይ መቆም ጥሩ አይደለም። ባዶ መሆኗን ከሩቅ ይዩአት።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። አባቴ ወደ እኔ ዞሩና «አንተስ ምን ትላለህ?» አሉኝ።

ፊታቸውን አየሁና «ትሸፈን» አልሁ። አምኜበት አልነበረም። እሳቸውን መቃወም ከብዶኝ ነው። የእህቴ ባል አንዴ አየኝና ገመዱን ማሰር ጀመረ። ገመዱ ስላጠረን የሸራውን የኋላ ጫፍ ላላ አድርገን ተውነው።

ሦስታችንም ፊት ተቀመጥን፤ አባቴ መስኮቱ ጋ፣ እኔ መሃል። ጥቂት እንደሄድን ካፊያ ጀመረ። ሸራው ከኋላችን ጧ፣ ጧ ይላል። የእህቴ ባል በስፖኪዮ ደጋግሞ ያየዋል። መርዓዊን እስክናልፍ ማንም አላስቆመን። ካለፍን በኋላ ግን መኪኖች ተሰልፈው አየን። መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ አራት ፈታሾች ቆመዋል።

ተራችን ደርሶ ስንቆም አንደኛው መታወቂያችንን ሰበሰበ፤ ሌላው ወደ ኋላ ሄደ። መኪናው ቆሟል፤ ነፋሱ ግን አልቆመም። በላላው ጫፍ ገብቶ ሸራውን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ነፋው፤ መልሶ አወረደው፤ እንደገና ነፋው። በስፖኪዮው አየሁት። ልክ ሰው ከሥሩ ተኝቶ የሚተነፍስ ይመስል ነበር።

የኋለኛው ፈታሽ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸና መሣሪያውን አቀባበለ።

«ማን ነው ውስጥ ያለው? ውጣ! ውጣ አልሁህ!»

«ማንም የለም! ነፋስ ነው!» አለ የእህቴ ባል፣ እጆቹን መሪው ላይ እንዳደረገ።

«ውረዱ! እጅ ወደ ላይ!»

ወረድን። እኔና የእህቴ ባል እጃችንን አነሣን። አባቴ በዝግታ ወረዱ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉና ቀኝ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰደዱ። አፈሙዙ ወደ እሳቸው ዞረ።

«አባ፣ እጅዎን!» ብዬ ጮኽሁ። በሕይወቴ አባቴ ላይ የጮኽሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ቄስ ናቸው! መስቀላቸውን ነው! መስቀል ነው!»

አባቴ እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ እንዳለ ቀጥ ብለው ቀሩ። ለካ ሰው ሲያዩ መስቀል ማውጣት ስለለመዱ እጃቸው ሳያስቡት ሄዶ ኖሯል። ቀስ ብለው አወጡት። የእንጨት መስቀል ነው።

«አንተ ፍታው» አለኝ ባለ መሣሪያው። ዓይኑ ግን ሸራው ላይ ነው።

ገመዱ በካፊያው ርሶ ተጣብቋል። ጥፍሬ ተሰበረ። የመጀመሪያውን ቋጠሮ በጥርሴ ፈታሁት። ከጀርባዬ «ቀስ ብለህ፣ ቀስ» ይላል። ሁለተኛውን ፈታሁ። ሦስተኛው እንቢ ሲለኝ ገመዱን በጎን አሾለክሁትና ሸራውን ጎትቼ ጣልሁት።

ሁለት መቅዘፊያና አንድ ባዶ ጀሪካን።

ፈታሹ ቀርቦ አየ፤ መሣሪያውን አወረደ። ፊቱ በላብ ርሷል። «ልተኩስ እኮ ነበር» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሮ «ለምን ሸፈኗት፣ አባ?»

«ሰው እንዳያይብኝ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ሰው ይያት። እኛም እንያት።»

መታወቂያችንን የሰበሰበው መስቀሉን ተሳልሞ ካርዶቻችንን መለሰልን። ባለ መሣሪያው ግን ሳይሳለም ወደ ቀጣዩ መኪና ሄደ።

ሸራውን ጠቅልለን እግራችን ሥር አድርገን ተነሣን። ብዙም ሳንርቅ ዝናቡ ወረደ። ማንም «እንሸፍናት» አላለም። ውሃው እየሞላባት ሲሄድ ተጎታቹ ከበደ፤ ፒካፑን ከኋላ ግራና ቀኝ ይወዘውዘው ጀመር። የእህቴ ባል ዳር ይዞ አቆመ። እኔ ወርጄ የጀልባዋን የታች ቡሽ ስነቅል ውሃው በአንድ ጊዜ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ቀና ስል አባቴ አጠገቤ ቆመዋል፤ ጥምጥማቸው ርሷል።

«መኪና ውስጥ ይግቡ፣ አባ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ።

«ትሸፈን ያልሁት እኮ እኔ ነኝ።»

«አንተ እኔን ፈርተህ ነው፣ አውቄብሃለሁ። ሁለተኛ ስጠይቅህ ያሰብኸውን ንገረኝ።»

ውሃው ፈስሶ እስኪያልቅ ሁለታችንም ቆመን ጠበቅን።

ባሕር ዳር ስንገባ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ቡሹን መልሰን ጀልባዋን ሐይቁ ላይ አወረድናት፤ ሸራው ያሻሸበት ቦታ ቀለሟ ተፍቋል። አባቴ ገብተው ተቀመጡባት፤ ወደ ደሴቱ ግን የዚያን ቀን አልሄዱም። እኔ ቤት ወስጄ ምሳ አቀረብሁላቸው፤ ጉርሻው ከእጃቸው እየወደቀ ሲያስቸግራቸው ያላየሁ መሰልሁ።

የእህቴ ባል «እደር ብትሉኝም አላድርም» ብሎ ባዶውን ተጎታች ይዞ በዚያው መንገድ ተመለሰ። እህቴ ሁለት ጊዜ ደወለች፤ «መንገድ ላይ ነው» አልኋት። እኔ ስደውልለት አይነሣም። አባቴ ጸሎታቸውን እያደረሱ በመሃል ቀና ይላሉ፤ አልደወለም ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ስልኬ ጮኸ።

«ገባሁ» አለ። «አንድም ቦታ አላስቆሙኝ።»

ለአባቴ ነገርኋቸው። መጽሐፋቸውን አጥፈው ጋደም አሉ፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።