ሳይጠየቅ የተከፈተ ቢራ

እንጅባራ ውስጥ ባንኮኒ ጀርባ የቆምሁበት የመጀመሪያ ቀን ዝናብ ነበር። በጂኦግራፊ ከተመረቅሁ ሁለተኛው ክረምት ነው፤ ያመለከትሁበት መሥሪያ ቤት ሁሉ "እንጠራሻለን" ብሎኝ አልጠራኝም። የግሮሰሪው ባለቤት እትዬ ውዴ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና "ቀና ብለሽ ሰው ታያለሽ ወይስ እንዲህ አቀርቅረሽ ነው የምትቀጂው?" አሉኝ። እንዳቀረቀርሁ "አያለሁ" አልሁ። ሳቁና የጠርሙስ መክፈቻ በእጄ አስያዙኝ።

እትዬ ውዴ ሥራ ያውቃሉ። ተናድጄ ብጽፍም ይህን አልሸሽግም። ድራፍት ሲቀዳ ብርጭቆው ይዘነበላል፤ ግማሽ ሲደርስ ቀስ እያለ ይቃናል፤ የቧንቧው አፍ ቢራውን አይነካም። ብርጭቆ በሳሙና ታጥቦ በብዙ ውኃ ይለቀለቃል፤ በጨርቅ አይወለወልም፤ ተደፍቶ ራሱ ይደርቃል። ቅባት የነካው ብርጭቆ አረፋ አይዝም፣ አረፋ ያልያዘ ድራፍት ደግሞ ጠጪውን "የትናንት ነው" ያሰኘዋል። አዲስ የመጣው ሳጥን ከኋላ ይደረደራል፣ የቆየው ከፊት። አረቄ በመለኪያ እንጂ በግምት አይቀዳም። አገሩ ብርድ ስለሆነ፣ ቢራ ያዘዘ ሰው ሁሉ "ከፍሪጅ ወይስ ከሳጥን?" ተብሎ ይጠየቃል።

ከዚያ የግብዣውን ነገር አስከተሉ። "አንዱ ለሌላው ጠረጴዛ ቢራ ሲልክ፣ ወስደሽ መጀመሪያ ክፈቺ። ከዚያ 'እሳቸው ጋብዘውዎት ነው' ብለሽ አሳዪ።"

"ባይፈልጉትስ?"

"የተከፈተ ቢራ ማን ይመልሳል?" አሉኝ።

ነገሩን እያደር ነው ያየሁት። ቢራው ቀዝቃዛ ይሁን አይሁን ይጠየቃል፤ ይፈለግ አይፈለግ ግን አይጠየቅም።

ግብዣን አልጠላም። በገበያ ቀን ድንቹን ሸጦ የገባ ገበሬ ጥግ የተቀመጠ አማቹን ያያል። በአዊኛ አንድ ነገር ይለኝና በአገጩ ያመለክተኛል። ቢራው ሲደርሰው አማቹ ከቀርከሃ ወንበሩ ግማሽ ብድግ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "ምነው፣ እኔ እያለሁ?" ይላል። ጥቂት ቆይቶ ብድሩን ይመልሳል። ስለ ድንበርና ስለ ከብት ተኳርፈው የከረሙ ሰዎች በዚህ መንገድ ሲታረቁ አይቻለሁ።

ለሴት ሲላክ ግን ሌላ ነው። ሴቲቱ በፈንታዋ ቢራ እንድትልክ ማንም አይጠብቅም። የሚጠበቅባት ሌላ ነገር ነው።

ይህ መጀመሪያ የደረሰው እኔው ላይ ነው። "አንቺስ ምን ትጠጫለሽ?" የማይለኝ ደንበኛ አልነበረም። ብዙ መልስ ሞከርሁ። "መድኃኒት እየወሰድሁ ነው" ስል በሽታዬን ይጠይቁኛል። "ጾም ነው" ስል መቼ እንደሚፈታ ይቆጥሩልኛል። መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ያዝሁ፦ "ሥራ ላይ አልጠጣም።" ለዳኛም ለባጃጅ ነጂም ይህንኑ፣ በዚያው ድምፅ እላለሁ። አንዱ ሽማግሌ "የተማረ ይግደለኝ ስል ኖሬ፣ የተማረች መጥታ በጥም ልትገድለኝ ነው" ብሎ ቤቱን አሳቀው። እኔም ሳቅሁ። ለሥራው አዲስ የሆንሽ ሁሉ አንድ መልስ ይኑርሽ፤ መልስሽን የቀያየርሽ ቀን መደራደር የጀመርሽ ይመስላቸዋል።

ሰናይት ከመንገዱ ማዶ ካለው መድኃኒት ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ከሩቅ አገር ተቀጥራ የመጣች፣ ማብሰያ በሌለው ክፍል ውስጥ የምትኖር። ከሥራ ስትወጣ እኛ ዘንድ ገብታ ሽሮ ትበላለች፤ ለስላሳ ትጠጣለች፤ ትሄዳለች። የእትዬ ውዴን ሽሮ የሚያህል በዚያ ሰፈር የለም። እኔና እሷ ከሰላምታ ሌላ ብዙ አንነጋገርም ነበር። ሁለታችንም ዝምተኞች ነን።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ "ኢንጂነር" የሚሉት ደንበኛ አያት። የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ነው፤ ኢንጂነር ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም። ሠራተኞቹን እዚያ ስለሚያበላ ሲገባ እትዬ ውዴ ብድግ ይሉለታል። "ለዚያች ልጅ ቢራ" አለ። እኔ ድራፍት እየቀዳሁ ነበር፤ እትዬ ውዴ ራሳቸው ወሰዱና እፊቷ ከፈቱት። ሰናይት "አልጠጣም እኮ" አለች። እሳቸው "ጋብዘውሽ ነው" ብለው ሄዱ። ሳትነካው ሁለተኛ ላከ። እሱም ተከፈተ። ሦስተኛውን ራሱ ይዞ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

"እንጅባራ ላይ ጋብዤ ስናቅ የመጀመሪያዬ ነው" አላት።

"አልናቅሁም። አልጠጣም ነው ያልሁ።" ተነሣች። የቦርሳዋን ማንገቻ ያዘ።

"ታዲያ ይህን የከፈትሽውን ማን ይጠጣልሽ?"

እሷ አንድም ጠርሙስ አልከፈተችም። ቤቱ ሙሉ ሰው ይህን አይቷል። ከወዲያ ጠረጴዛ አንዱ "ድሮስ ሴት ልጅ ግሮሰሪ ምን ትሠራለች?" አለ። ሌላው ሳቀ። እኔ በእጄ ያለው ብርጭቆ ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ ቆሜ ቀረሁ። ሰናይት ማንገቻውን መንጭቃ ሽሮዋን ትታ በዝናቡ ወጣች።

በማግስቱ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄድሁ። የራስ ምታት ክኒን የምገዛ መስዬ ቆምሁ።

"ሽሮው ያሳዝናል" አለች። "ገና መብላት መጀመሬ ነበር።"

"ተመልሰሽ ነይ።"

"የማን ቢራ ሊከፈትብኝ?"

"እኔ አለሁ። ሳልጠይቅሽ አይከፈትም" አልኋት። ቃል መስጠቴ ለራሴም ገረመኝ። እትዬ ውዴን ግን አላስፈቀድሁም ነበር።

ለጥቂት ቀናት ሰው ሳይነካት በላች። ከዚያ ኢንጂነሩ ገባ። ገና ሳይቀመጥ "ለአኩራፊዋ አንድ ቢራ፣ ከፍሪጅ" አለ። ጠርሙሱን እንደታሸገ ይዤ ወደ ሰናይት ሄድሁ። ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገር አልወድም። ቢሆንም ሁሉም እንዲሰማ እንዲህ አልኋት፦

"እሳቸው ቢራ ጋብዘውሻል። ልክፈተው?"

"አትክፈችው። እግዜር ይስጥልኝ በያቸው።"

መልሼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥሁት። "አልፈለገችም፤ እግዜር ይስጥልኝ ብላለች" አልሁ።

"እኔ ክፈቺ ነው ያልሁሽ። ማን ጠይቂ አለሽ?"

"የምትጠጣው እሷ ናት።"

"እትዬ ውዴ!" ብሎ ተጣራ። "ይህች ልጅ ቢራ ትሸጣለች ወይስ ፈተና ትፈትናለች?"

እትዬ ውዴ ከወጥ ቤት እጃቸውን እየጠረጉ መጡ። ነገሩን ከእሱ ሰሙ፤ እኔን አልጠየቁኝም። ጠርሙሱን አንሥተው፣ መክፈቻውን ከእጄ ወስደው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ ከፈቱት። "ውሰጂላት" አሉኝ።

"አልወስድም።"

ክንዴን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝ። "ስሚ ልጄ፣ አንቺ ዲግሪሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። እኔ ከዚህ ባንኮኒ ጋር እቀራለሁ። በአንቺ ዕድሜ ሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ስንቱን ሳልፈልግ የጠጣሁት ይመስልሻል? ሞትሁ?"

"እርስዎ ያልፈለጉትን ለምን ለእሷ ይከፍታሉ?"

ፊታቸው ተለወጠ፤ ለአፍታ የሚያዝኑ መሰለኝ። ከዚያ "ሽርጡን አውልቂ" አሉ።

እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ኢንጂነሩን ለመጥላት ማሰብ አያስፈልገኝም። እትዬ ውዴ ግን ያ ጠርሙስ ምን እንደሆነ ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። የሚያውቁትን ነው እፊቷ የሚከፍቱት።

ሽርጡን አውልቄ ስወጣ ሰናይት ገና እየበላች ነበር። የተከፈተውን ቢራ እትዬ ውዴ ራሳቸው አምጥተው ጠረጴዛዋ ላይ አድርገውላታል። ቀና ብላ አየችኝ፤ ነገሩ ገባት። ወደ ጎን ገፋ አድርጋው ሽሮዋን ጠርጋ በላች። ኢንጂነሩ ትኩር ብሎ ያያታል፤ እሷ አትቸኩልም። ስትጨርስ እጇን ታጠበች፣ ከፈለች፣ አብረን ወጣን። በር ላይ "በእኔ ምክንያት" ልትል ጀመረች። "በአንቺ ምክንያት አይደለም" አልኋት።

አሁን የምሠራው ዳንግላ፣ ሌላ ግሮሰሪ ውስጥ ነው። ስቀጠር፣ ገና ደመወዝ ሳንነጋገር፣ ለባለቤቱ "ግብዣ ሲታዘዝ የሚጠጣውን ሰው ጠይቄ ነው የምከፍተው" አልሁት።

"ወንዱንም?"

"ወንዱንም።"

"ይህስ ጉድ ነው" አለ። "እስቲ ለአንድ ወር እንየው።"

በዚያ ወር ሁለት ሰዎች ተቆጥተው ወጡ፤ አንደኛው ተመልሷል። አንድ ሸምገል ያሉ ነጋዴ ግን ከጓደኛቸው የተላከውን ቢራ ይዤ "ልክፈተው?" ስላቸው ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ተይው ልጄ፣ ጨጓራዬ አልቋል። ስንት ዓመት ሙሉ ለሰው ይሉኝታ ስጠጣ የጠየቀኝ የለም" አሉኝ። ውኃ አመጣሁላቸው። ጓደኛቸውም አልተቀየማቸውም።

ሰናይት አልፎ አልፎ ትደውላለች። ከዚያ ቀን በኋላ እትዬ ውዴ ዘንድ በልታ አታውቅም። ማታ ማታ ዳቦ በሻይ ነው የምትበላው። ኢንጂነሩ ዛሬም ይገባል፤ ሲገባ እትዬ ውዴ ዛሬም ብድግ ይሉለታል። በእኔ ቦታ አዲስ ልጅ ቆማለች አሉ፤ ስሟን አላውቅም። ይህን የጻፍሁት ለእሷና እንደ እሷ ለምትጀምሩት ነው።

ሥራ ስትቀጠሪ ግብዣ በዚያ ቤት እንዴት እንደሚከፈት አስቀድመሽ ጠይቂ። የሚጠጣውን ሰው ሳትጠይቂ ጠርሙስ አትክፈቺ። በዚህ ልትባረሪ ትችያለሽ። እኔ ተባርሬያለሁ።