ከሉፑ በኋላ «ሰላት የለኝም» ያልኩባቸው ወራት

የመጀመሪያው ምልክት ቡናማ ጠብታ ነበር። ሉፕ ባስገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ በምሠራበት ዌርሃውስ ሽንት ቤት ውስጥ አየሁት። ትንሽ ናት። «ይሄማ ነገ ይቆማል» ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አልቆመም።

ከዚያ በፊት የነበርኩበትን ካልነገርኳችሁ ግን ነገሩ አይገባችሁም። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ የወር አበባዬ ጎርፍ ነበር። ሁለት ሞዴስ ደርቤም ያልፈኛል። 2020 ላይ ካርቶን ላነሳ ጎንበስ እንዳልኩ ዓይኔ ጨለመ። ወደቅኩ። ሄሞግሎቢኔ ወደ ሰባት ወርዶ ተገኘ። የማህፀን ሐኪሟ አይረን አዘዘችልኝና «ሆርሞን ያለው ሉፕ ደሙን ይቀንስልሻል» አለችኝ። እኔ አገር ቤት የማውቀው ሉፕ ለወሊድ መከላከያ ብቻ ነበር። ይሄኛው ሌቮኖርጀስትሬል የሚባል ሆርሞን በትንሽ በትንሹ እየለቀቀ የማህፀንን ግድግዳ ያሳሳል ተባልኩ። በዓመቱ መጨረሻ አስገባሁ። ሲገባ ያማል፤ አያምም የሚሏችሁን አትስሙ። ጥርሴን ነከስኩ፣ አለቀ።

ጎርፉ እውነትም ቀረ። ጠብታው ግን ቀጠለ። ዛሬ ቡናማ፣ ነገ ሮዝ፣ ከነገ ወዲያ ቀይ። ሁለት ቀን ይተወኝና፣ «ተገላገልኩ» ብዬ ትጥበት ታጥቤ ለዙህር ሰላት ስቆም ተመልሶ ይመጣል። ኡፍ! በሐይድ፣ በወር አበባ ላይ ያለች ሴት አትሰግድም፣ አትጾምም። እኔም ደም እስካየሁ ድረስ ሐይድ ነው ብዬ ሰላቱን ተውኩት። ባሌ ሰዒድ ልጆቹን ከኋላው አሰልፎ ሲሰግድ እኔ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ትልቋ ልጄ «ማሚ፣ ስቲል አትሰግጂም?» ትለኛለች። ስቲል።

ረመዳን ሲቃረብ ሆዴ ባባ። ወሩን ሙሉ ሳልጾም፣ የማታውን የተራዊሕ ሰላት ሳልቆም ሊያልፈኝ ነው። ሉፑን ላስወጣ ወሰንኩ። ሰዒድ «ያ ጎርፍ ቢመለስስ? ደግመሽ ብትወድቂስ?» አለኝ። «አላህ ያውቃል» አልኩት። ፈርቼ ነበር። ከጤናሽና ከሰላትሽ አንዱን ምረጪ የተባልኩ ነው የመሰለኝ።

ኮቪድ ስለነበር በአፖይንትመንቴ ቀን ሰዒድ መኪና ውስጥ ቀረ። ለሺፍትና ለሱፐርቫይዘር የሚሆን እንግሊዝኛ አለኝ፤ ለማህፀን የሚሆን ግን የለኝም። አስተርጓሚ በስልክ ተጠራ። የወንድ ድምፅ! በቃ፣ «ደም» ማለት አፈርኩ። እኛ ዘንድ ደም ላይ ያለች ሴት «ሰላት የለኝም» ትላለች፤ ሰሚው ይገባዋል፣ ነገሩ በዚያው ይታለፋል። እኔም «ወንድሜ፣ ሦስት ወር ሙሉ ሰላት የለኝም በልልኝ» አልኩት።

ሰውዬው ሙስሊም አልነበረም መሰለኝ። ወይም ሚስት የለውም። «ሦስት ወር ሙሉ አልጸለይኩም ትላለች» ብሎ ተረጎመላት። «ፕሬይ» የምትለዋን ሰማሁና ልክ ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። «ይከፋሻል?» አለችኝ።

«በጣም።»

«ታለቅሻለሽ?»

«ታዲያስ! ሌላው ሲሰግድ እያየሁ እንዴት አላለቅስ?»

«ሌላ ባለሙያ ላምጣልሽ?» ስትለኝ፣ ሉፕ የምታወጣዋ ሌላ ናት ብዬ «ኦኬ» አልኩ። ያቺ ባለሙያ ስትገባ እኔ አንሶላውን ለብሼ፣ አልጋው ላይ ተጋድሜ እየጠበቅኳት ነበር። አየት አደረገችኝና በቀስታ ተቀመጠች። «እምነትሽ መድከም የጀመረው መቼ ነው?» አለችኝ።

«አስተግፊሩላህ! የማን እምነት? ኧረ ደም ነው! ደም እየፈሰሰኝ ነው!»

ጮህኩ። አስተርጓሚው በስልኩ «ይቅርታ እህቴ፣ አሁን ገባኝ» አለ። እሱም አፈረ፣ እኔም አፈርኩ።

ያቺ ባለሙያ ለካ የጭንቀት አማካሪ ናት፤ ሐኪሟን ጠራቻት፣ ሐኪሟም ሮጣ ተመለሰች። መረመረችኝ። እርግዝና የለም። የሉፑ ክር ቦታው ላይ ነው። አልትራሳውንዱም ችግር አላሳየም። ሄሞግሎቢኔ ከአሥራ አንድ አልፏል። «ይሄ ስፖቲንግ ነው፤ የወር አበባሽ አይደለም» አለችኝ። «ግድግዳው እየሳሳ ስለሆነ ነው። በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት የተለመደ ነው። አውጪልኝ ካልሽ አሁኑኑ አወጣዋለሁ፣ ምርጫው ያንቺ ነው። የሰላቱን ነገር ግን እኔ አላውቅም፤ መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ጠይቂ።»

የወር አበባሽ አይደለም ያለችው ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረ። ከክሊኒኩ በቀጥታ ብሌንደን ታውንሺፕ ሰፈር፣ እትዬ ዘይነባ ቤት ሄድን። እትዬ ሴቶችን ቁርአን የሚያቀሩ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። «አንቺ ልጅ! ይሄን ሁሉ ጊዜ ሳትጠይቂ?» ብለው ተቆጡ። «ከለመድሽው የወር አበባ ቀን ያለፈው ሐይድ አይደለም፣ ኢስቲሐዷ ነው፤ ሰላት የማይከለክል ደም። የልማድሽን ቀን ጠብቀሽ ታጠቢ። ከዚያ ሞዴስሽን አድርጊና፣ የየሰላቱ ወቅት ሲገባ ውዱእ አድርገሽ ስገጂ። ጹሚም። አብሽሪ፣ ዲን አያጨናንቅም።»

ያን ዕለት የዐስርን ሰላት እሳቸው ቤት ሰገድኩ። ግንባሬ መስገጃውን ሲነካ እንባዬ መጣ። ቶሎ መነሳት አልቻልኩም። ደስታ ነው።

ሉፑን አላስወጣሁም። ያን ረመዳን ጠብታው እየመጣ እየሄደ፣ እኔም ከልማዴ ቀናት በቀር እየጾምኩ፣ ተራዊሕም ከሰዒድ ኋላ እየቆምኩ አሳለፍኩት። ሰመር ላይ ደሙ እየሳሳ ሄዶ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ጭራሹን ቀረ። ሲቀር ደግሞ «አረገዝኩ!» ብዬ ደንግጬ ቴስት ገዛሁ፤ ኔጋቲቭ። ክሊኒኩን ኮል ሳደርግ ይሄም ከሉፑ እንደሆነ፣ ደሙም የትም እንዳልተጠራቀመ አስረዱኝ። የሰው ነገር! ሲመጣም አለቀስኩ፣ ሲቀርም ላለቅስ ነበር። በ2022 ረመዳንን ከዳር እስከ ዳር ጾምኩት፤ ኮረዳ ከሆንኩ ወዲህ ቀዳ፣ በኋላ የሚከፈል የጾም ዕዳ፣ የሌለብኝ የመጀመሪያዬ ነው።

እናንተ አሁን ጠብታ ላይ ያላችሁ እህቶቼ፣ ወራቱን ታገሱ፤ የሁሉም ሰውነት ግን አንድ አይደለምና ካልተስማማችሁ ማስወጣት መብታችሁ ነው። በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ወይም ብርቱ የሆድ ቁርጠት ከመጣ ግን ትዕግሥት አይደለም የሚያስፈልገው፤ ቶሎ ደውሉ። ሴት አስተርጓሚ ስጡኝ ማለት ይቻላል፤ እኔ አላውቅም ነበር። ወንድም ቢመጣ «ደም» በሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

አልሐምዱሊላህ። ለሰዒድ፣ ለእትዬ ዘይነባ፣ ለዚያ ምስኪን አስተርጓሚም አላህ ኸይር ይመንዳቸው። ሐኪሟንማ በምን ልመስግናት? በዓመቱ ለቼክአፕ ስሄድ፣ ስለ ደሙ ከመጠየቋ በፊት፣ ከማን እንደተማረችው እንጃ፣ ማስኳን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ «ሳላድ አለሽ?» አለችኝ።

«አለኝ» አልኳት።