ክቡ፣ ሦስት ማዕዘኑና የእኔ ቀስት

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የሲሚንቶ መጋዘን ነበረ። ማንም አልነገረኝም፤ በሩ ሲከፈት ሽታው ነገረኝ። ግንበኛና ድንጋይ ጠራቢ ነኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያንን አቧራ ስውጥ ነው የኖርኩት። ወለሉ ላይ ዐሥር የሚሆን ሰው ተቀምጧል። አንዱ ተከራዬ ነበረ። እሱን ጠዋት፣ እኔን ከሰዓት በኋላ ነው የወሰዱን።

ተከራዬ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ ከሌላ ክልል መጥቶ የመቐለ ልጅ አገባ፣ ሞተችበት። ለመቃብሯ ድንጋይ እንድጠርብለት ንድፉን በወረቀት ስሎ ሰጠኝ። ከላይ ክብ፣ በክቡ ውስጥ መስቀል፤ ከሥሩ ደግሞ አራት ማዕዘን ላይ የተቀመጠ ሦስት ማዕዘን። ቤቴ ሲፈተሽ ወረቀቱ ከኮቴ ኪስ ወጣ። ጊዜው ክፉ ነበር። የአውሮፕላን ማረፊያው ካርታ ነው ተባለ።

በማግስቱ ጠዋት ሻይ ጠጥተን ተቀምጠናል። አንድ የሚኒባስ ሹፌር ነበር፣ አፉ የማያርፍ።

"መምህር፣ ምን ስለህ ነው እኚህን ሽማግሌ ያስበላሃቸው?" አለው።

መምህሩ ወለሉ ላይ ባለው አቧራ በጣቱ ክብ ሠራ። ድምፁም ወዲያው ተስተካከለ፤ ክፍል ውስጥ የቆመ ነው የመሰለው። ቲዎሶፊ የሚባል ትምህርት አለ አለ፤ ሃይማኖቶች ሁሉ ከአንድ ምንጭ ተቀዱ የሚል። ባዶው ክብ ምንም ሳይፈጠር የነበረው ነው። ነጥብ ሲገባበት የመጀመሪያው መንቃት ነው። አግድም መስመር ሲሰመርበት እናት ተፈጥሮ ናት። መስመሩ መስቀል ሲሆን፣ ሰው ሥጋ ለብሶ ወደ ምድር ወረደ ማለት ነው።

"ሦስት ማዕዘኑስ?"

"መንፈስ ነው። አራት ማዕዘኑ ሥጋችን። ሦስትና አራት ሰባት፤ ሙሉ ሰው ማለት ነው። ስንሞት አራቱ እዚህ ይቀራል፣ ሦስቱ ይሄዳል።"

"እንግዲያው ሳምቡሳ በበላሁ ቁጥር መንፈስ ነው የምውጠው በለኛ!"

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም ሳቀ። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ጥርሱን ሳይ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

"ቆይ ግን" አለ ሹፌሩ፣ "ክብና ሦስት ማዕዘንማ ልጆቼ ደብተር ላይም አለ። ካርታ ያስባለው ምኑ ነው?"

"ቀስት አለበት ይላሉ። ወደ ምሥራቅ የምታመለክት። ማረፊያው ከከተማው ምሥራቅ፣ በቁሓ በኩል ነው። እኔ ደግሞ ቀስት የሚባል አልሳልኩም።"

ቀስቷ የእኔ ነበረች። የመቃብር ድንጋይ ስቀበል ምሥራቅ በየት በኩል እንደሚውል ንድፉ ላይ በእርሳስ አመለክታለሁ። የእኛ ሰው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ነው የሚቀበረው፤ ድንጋዩ ዞሮ ከተተከለ ቤተሰብ ይከፋዋል። እጄ ስለለመደው ትዝም አላለኝ።

ልነግረው አፌን ስከፍት ስሜ ተጠራ።

መርማሪው ወጣት ነው። ወንበር ሰጠኝ፣ ውሃም ሰጠኝ።

"አባባ፣ እርስዎ ያልተማሩ ሰው ነዎት። ይሄ ሰውዬ አታልሎዎታል። ይህቺን ይፈርሙና ምሳዎን ከልጆችዎ ጋር ይበላሉ።"

እንዲያነብልኝ ለመንኩት። አነበበ። ቀስቷን መምህሩ እንደሳላት፣ ወደ ማረፊያው መሄጃ ናት ብሎም እንደነገረኝ ይላል።

"ቀስቷ የእኔ ናት" አልኩት።

"ምን አሉ?"

"እኔ ነኝ የሳልኳት። የመቃብሩ ምሥራቅ ናት።"

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "አባባ፣ ይህን ካሉ ነገሩ ወደ እርስዎ ይዞራል። ገብቶዎታል?"

"ገብቶኛል።"

"የሰውየውን ትምህርት ያምኑበታል እንዴ?"

"የለም። እኔ ከአባቶቼ የተቀበልኩት ይበቃኛል። ግን ያልሳለውን ሳለ አልልም።"

ሌላ ወረቀት አውጥቶ፣ እየተናደደ ቃሌን ጻፈ። አሁንም አስነበብኩት። ከዚያ የጣት ቀለሙን ወደ እኔ ገፋ።

"ስሜን እጽፋለሁ" አልኩ።

"ይችላሉ?"

የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ነገር ግን ስንቱን የሰው ስም በመሮ ጽፌያለሁ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ አንድ ባንድ አስቀመጥኩ። መርማሪው ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ። እኔ አልቸኮልኩም።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ለመምህሩ ሁሉንም ነገርኩት። እጄን ይዞ፣ "አቦይ፣ ለምን? ልጆች አሉዎት እኮ" አለኝ።

"አጆኻ ወደይ፣ አይዞህ ልጄ። የሠራሁትን ሠራሁ ነው ያልኩት" አልኩት።

በሳምንቱ እሱ ተፈታ። እኔ ሁለት ወር ቆየሁ። የሲሚንቶው ወለል ቅዝቃዜ ጉልበቴ ውስጥ ገብቶ እስከ ዛሬ አልወጣም፤ ደረጃ ስወጣ ልጄ ትደግፈኛለች። ስንሞት ስለሚሄደውና ስለሚቀረው መምህሩ ያለው ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እሱን ለሚያውቀው ትቻለሁ። በሕይወቴ የፈረምኩት ወረቀት ጥቂት ነው። ያ ወረቀት ግን ዛሬም በሆነ መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። የልጅ ልጄ አንድ ቀን አግኝታ ብታነበው አላፍርም።