ደም የተቃባ ገበታ

የያዙኝ ደብረ ታቦር፣ ከአንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ነው። ሦስት ታጣቂዎች ነበሩ፤ አንደኛው እንዲያውም ሻይዬን እስክጨርስ ጠብቆኛል። የወሰዱኝ ቀድሞ የእህል መጋዘን ወደነበረ ቤት ነው። በሩ ሲከፈት የገብስ ገለባና የሽንት ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬን መታኝ። መስኮት የለውም። በቆርቆሮው ሥር የጉና ብርድ ሲገባ ግን ማንም አይከለክለውም።

ጥፋቴ አንድ ደብተር ነው። ለሁለተኛ ዲግሪዬ፣ የገጠር ሽማግሎች ደም የተቃቡ ሰዎችን እንዴት እንደሚያስታርቁ አጠና ነበር። በሐሙሲትና በአንበሳሜ ዙሪያ ስዞር ከርሜ ሦስት አዛውንቶች አስጠጉኝ፤ እርቅ በተቀመጡ ቁጥር ጥግ ይዤ እጽፋለሁ። አስተማሪዬ የመረጃ ሰጪን ስም ደብቅ ስላሉኝ ሦስቱን «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» አልኋቸው። «ሀ ሰዎቹን ሰበሰበ። ለ ቃል አስገባ። ሐ ደሙ እንዲደርቅ ወሰነ።» እንዲህ እያለ ይሄዳል። እስቲ በዚያ ዘመን ይህን ካድሬ ፊት አንብቡት!

መርማሪው ደብተሩን በጣቱ እየመታ «ሀ ማነው?» አለኝ።

«አስታራቂ ሽማግሌ ናቸው» አልሁት።

«ሽማግሌ ስም የለውም?»

የመጀመሪያውን ቀን ዝም አልሁ። በሁለተኛው ቀን፣ ውስጥ እግሬን ሲገርፉኝ የሦስቱንም ስም ከነቀበሌያቸው ተናገርሁ። በምርኩዝ የሚሄዱ አዛውንቶች መሆናቸውን በዓይናቸው ቢያዩ ስቀው ይለቋቸዋል ብዬ ነው። ቢያንስ ለራሴ ያልሁት እንደዚያ ነው።

በሳምንቱ ሦስቱንም አመጧቸው። ሁለቱን ከጎናችን ካለው ክፍል አስገቧቸው። «ለ» ያልኋቸውን ግን እኔ ካለሁበት ጨመሯቸው። እኔ ዘንድ እስከዚያ ቀን የነበረው አንድ የይፋግ እህል ነጋዴ ብቻ ነው፤ ጤፍ ደብቀሃል ተብሎ የታሰረ፣ አፉ የማያርፍ ሰው።

«ውይ ልጄን! አንተንም ያዙህ?» ብለው አቅፈው ሳሙኝ ሽማግሌው። እኔ ያስያዝኋቸው ሰው ለእኔ አዘኑ! ለምን እንደመጡ አያውቁም፤ «ሰው ትሰበስባላችሁ» ከመባል በቀር የነገራቸው የለም። እኔም አልነገርኋቸውም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የጎረቤታችን በር ተከፈተና «ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ» ሲባል ሰማን። ይህ ጥሪ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ግቢ የማያውቅ አልነበረም። የአንደኛውን ሳል እስከ ግቢው በር ድረስ ሰማሁት። ከዚያ ወዲያ ሁለቱን ያያቸው ሰው የለም። ሽማግሌው ወደ ግድግዳው ዞረው አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ፤ እኔ ጆሮዬን በሁለት እጄ ይዤ ተቀምጫለሁ።

የሽማግሌው ሴት ልጅ በየሁለት ቀኑ አገልግል ታመጣለች። በክፍላችን ደንብ የመጣ ምግብ ሁሉ የጋራ ነው። እኔ ግን አልቀርብም፤ አንድ ቀን ሆዴን፣ አንድ ቀን ጥርሴን አሞኛል እያልሁ የእስር ቤቱን ደረቅ ዳቦ እቆረጥማለሁ። ውኃውን እንኳ እሳቸው በጠጡበት ጣሳ አልጠጣም። ራሳቸው ያስተማሩኝን ደንብ መስበር አቃተኝ፦ ደም የተቃባ ሰው ሳይታረቅ ከአንድ ገበታ አይቀርብም። ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

«ተማሪው የአዲስ አበባ ሆድ ነው ያለው፤ የባላገር ሽሮ አይወርድለትም» ይላል ነጋዴው። ሽማግሌው አይስቁም፤ ያዩኛል።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አገልግሉን ከፍተው ሳይነኩት ዝም አሉ።

«ልጄ፣ ከእኔ እንጀራ የምትሸሸው ለምንድን ነው?»

«ጥርሴን እኮ አባቴ...»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ጥርሱን ያመመው ሰው ደረቅ ዳቦ አይቆረጥምም። በእኔና በአንተ መካከል ደም አለ ወይ?»

የያዝሁትን ደረቅ ዳቦ መሬት አኖርሁት። ይህን አይተው ወደ ነጋዴው ዞሩ። «ና፣ መሃላችን ተቀመጥ።»

«እኔ? ኧረ በስመአብ! እኔ ከገዛ ሚስቴ ጋር መታረቅ ያቃተኝ ሰው ነኝ።»

«ሌላ ከየት ይምጣ? በዳይና ተበዳይ ሽማግሌ ሳይኖር አይነጋገሩም። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ስንጋደም እግራችን ግድግዳ በሚነካበት ክፍል ውስጥ፣ ለእኔ የሚሉትን ሁሉ ለነጋዴው ይነግሩታል፤ እሱ ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ ይደግመዋል። በሌላ ቀን ቢሆን ያስቅ ነበር።

«በዳይ ድንጋይ ይሸከማል» አለ ነጋዴው፣ ደንቡ ትዝ ብሎት። ዙሪያውን ቢያይ ከሽንት ባልዲው በቀር የሚሸከሙት ነገር የለም።

«ተወው» አሉት ሳይዞሩ። «እግሩን አይተኸዋል፤ በቅጡ መቆምም አይችል። ቃሉን ይስጥ።»

ሰጠሁ። ደብተሩን፣ ፊደሎቹን፣ ግርፋቱን ተናገርሁ። «ሽማግሌ መሆናችሁን አይተው ይለቋችኋል ብዬ ነው» አልሁ።

«እውነቱን ይናገር በለው።»

ነጋዴው ዞረ። «እውነቱን ተናገር ተብለሃል» አለኝ። ያ የሚያላግጠው ድምፁ አልነበረም።

«ለእግሬ ብዬ ነው» አልሁ። «ግርፋቱ እንዲቆምልኝ ብዬ ነው። እኔን አፈር ይብላኝ!»

ሳይዞሩ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። የተወሰዱት ሁለቱ የልጅነት ጓደኞቻቸው ነበሩ፤ ከአንደኛው ጋር አበልጅ ናቸው።

«የራሴን ምሬዋለሁ በለው» አሉ በመጨረሻ። «የሁለቱን ግን እኔ ልምርለት አልችልም። የእነሱ ደም የቤታቸው ነው። በሕይወት ከወጣ ደጃቸው ይሂድ። ካልማሩት ይመለስ፤ ደግሞ ይሂድ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው እንጀራ ቆርሰው አጎረሱኝ። ሽሮው ቀዝቅዟል። እያለቀስሁ ዋጥሁት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» አሏቸው፤ ለዚያ ሽበት አንተ እያሉ። አልቸኮሉም። ከመጠጫችን ውኃ በእፍኛቸው ቀድተው ፊታቸውን ታጠቡ። ጋቢያቸውን አራግፈው፣ ጫፍና ጫፉን አስተካክለው ለበሱ። ታጣቂው «ቶሎ በል!» ሲላቸው «ቆይ ልጄ፣ ሰው ሳይሰናበት ከቤት አይወጣም» አሉት፤ እሱም ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ ቆመ። ነጋዴውን ሳሙት። «ደህና ሽማግሌ ወጥቶሃል፤ አሁን ከሚስትህ ታረቅ።» እኔን ግንባሬን ሳሙኝ። አገልግሉን ለእኛ ትተው በራሳቸው እርምጃ ወጡ።

በማግስቱ ልጃቸው ሌላ አገልግል ይዛ መጣች። ዘበኛው «ከእንግዲህ አታምጪ» ሲላት በበሩ ስንጥቅ ሰማሁ።

ስፈታ እንደታዘዝሁት ሄድሁ። የ«ሀ» ልጆች ድንጋይ አሸክመው ደጃቸው ላይ አንበረከኩኝ፤ ተላቀስን፤ ማሩኝ። የ«ሐ» ባለቤት አንበሳሜ አጠገብ ይኖሩ ነበር። ሁሉንም ሳያቋርጡ ሰሙኝ። በርጩማ ሰጡኝ፤ ውኃ ግን አልሰጡኝም። «ገና ነኝ» አሉ። በዓመቱ ሄድሁ። በዓመቱም ደግሞ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሚስቴ፣ ስለ ልጆቼ በስማቸው እየጠሩ ይጠይቁኛል። «ዘንድሮስ እማማ?» ስላቸው «ገና ነኝ ልጄ» ይላሉ። ልጄ ማለታቸው ይብስብኝ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ እኔ የወጋሁትም አልረሳሁም።

አሁን እኔው ራሴ ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ሽምግልናንና አማራጭ የግጭት መፍቻ መንገዶችን አስተምራለሁ። አንዷ ተማሪዬ በቅርቡ «መምህር፣ እርቁ አልተሳካም ብለን ፋይሉን የምንዘጋው መቼ ነው?» አለችኝ። መጽሐፉ የሚለውን ነገርኋት። ክፍሉን ለቅቄ ከወጣሁ በኋላ አፈርሁ።

አምና እማማ ዐረፉ። ተዝካራቸው ላይ ተጠርቼ ሄድሁና ከሰው ጋር ዳሱ ውስጥ ተቀመጥሁ። ልጃቸው ማዕዱን ይዞ እኔ ዘንድ ደረሰ። ምሮኝ ይሁን፣ ነገሩን ሳያውቅ ይሁን፣ አላውቅም።

«ብላ እንጂ፣ የሩቅ መንገደኛ ነህ» አለኝ።

«አልበላም» አልሁት።

«ለምን?»

«እናትህ አልፈቀዱልኝም።»

ትንሽ አየኝና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።